በነፃ የተጀመረ የፎቶግራፍ ልውውጥ እንዴት 50 ሚሊዮን ዶላር አወጣ?

ፎቶግራፍ እንደ ቡና በኩንታል አይመዘን እንጂ ሸቀጥ ነው። የሚያመርተው አለ፣ የሚያከማቸው አለ፣ የሚያሻሽጠው ደላላ አለ፣ በመጨረሻም ለካላንደር፣ ለመጽሔት ሽፋን፣ ለባንክ ማስታወቂያ ወይም ለሆቴል ብሮሹር የሚገዛው አለ። በካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ፣ በ2000 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በነፃ መለዋወጫነት የተጀመረ አንድ የፎቶግራፍ አንሺዎች ስብስብ ከስድስት ዓመት በኋላ በ50 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል። ስብስቡ አይስቶክፎቶ ይባላል። የገዛውም በዚህ ስብስብ ምክንያት ዋጋው ይሰበርበት የነበረው ትልቁ የፎቶግራፍ አሻሻጭ ኩባንያ፣ ጌቲ ኢሜጅስ ነው። ፎቶግራፎቹን አንስተው፣ መርጠውና አርመው መጋዘኑን የሞሉት በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ አባላት ግን ባለአክሲዮኖች አልነበሩም።

ጉዳዩ ለነጋዴም፣ ለደላላም፣ ገንዘቡን የት እንደሚያውል ለሚያስብ ሰውም የሚጠቅም ነው። ምክንያቱም አባላት በፍቅር የሚሠሩት ሥራ በምን ሂደት ወደ ካፒታልነት እንደሚለወጥ፣ ካፒታሉም በማን ስም እንደሚመዘገብ ደረጃ በደረጃ ያሳያል። በተለይ የተፈጥሮ ፎቶግራፍ አንሺዎች፣ ማለትም ወፍ፣ አበባ፣ ተራራና አውሬ የሚያነሱት፣ የዚህ ገበያ መከፈት የመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎችም የመጀመሪያዎቹ ተጎጂዎችም ነበሩ።

ቀድሞ የነበረው ንግድ

ከኢንተርኔት በፊት በአሜሪካና በአውሮፓ አንድ የተፈጥሮ ፎቶግራፍ አንሺ በዋነኛነት በሁለት መንገድ ይተዳደር ነበር። አንደኛው መጽሔቶች ሥራ አዘው ሲልኩት የሚከፈለው ነው። ሁለተኛው ያነሳቸውን ስላይዶች ለፎቶግራፍ ኤጀንሲ በአደራ መስጠት ነው። ኤጀንሲው በቀላል አነጋገር ደላላ ነው። ስላይዶቹን በየዓይነታቸው ለይቶ በመሳቢያ ያስቀምጣል፤ ካታሎግ አሳትሞ ለማስታወቂያ ድርጅቶችና ለአሳታሚዎች ይልካል፤ ገዥ ሲመጣ ተደራድሮ ይሸጣል። ገቢውን ከፎቶግራፍ አንሺው ጋር አብዛኛውን ጊዜ እኩል ለእኩል ይካፈሉ ነበር።

የሚሸጠው ፎቶግራፉ ራሱ ሳይሆን የመጠቀም ፈቃዱ ነበር። ዋጋውን የሚወስነውም አጠቃቀሙ ነው። ሽፋን ላይ ይወጣል ወይስ ውስጥ ገጽ? ስንት ቅጂ ይታተማል? በስንት አገር ይሰራጫል? ለስንት ጊዜ ይቆያል? አንዱ የአንበሳ ፎቶግራፍ ለተማሪዎች መጽሐፍ ሩብ ገጽ ሲሆን በጥቂት መቶ ዶላር፣ ለመኪና ፋብሪካ ማስታወቂያ ሲሆን ደግሞ በብዙ ሺህ ዶላር ሊሄድ ይችል ነበር። ቤት እንደ ማከራየት ያለ ነገር ነው። ተከራይ ቢቀያየርም ቤቱ የባለቤቱ ነው፤ ኪራዩ ግን እንደ ተከራዩ ሥራ ይለያያል።

ስላይድ አንድ ለእናቱ ነው። ቢጠፋ ወይም ቢጫር ምትክ የለውም። በመሆኑም በአሜሪካ አንድ ገዥ ለምርጫ የተላከለትን ስላይድ ቢያጠፋ በልማድ የሚጠየቀው ካሳ እስከ 1,500 ዶላር ይደርስ ነበር። ይህን የመሰለ አደራ የሚያስተዳድር ሠራተኛ፣ ቢሮ፣ የፖስታና የመድን ወጪ ያለበት ኤጀንሲ ለአዲስ ሰው በሩን ጠበብ ማድረጉ አያስገርምም። ገና ሲጀምር ብዙ መቶ ስላይድ እንዲያቀርብ የሚጠይቁት ጥቂት አልነበሩም።

በዚህ የተነሳ ከበሩ ውጪ የቀረው ሰው እጅግ ብዙ ነበር። መሐንዲሱ፣ አስተማሪው፣ ሐኪሙ፣ ቅዳሜና እሁድ ካሜራውን አንጠልጥሎ ሐይቅ ዳር የሚውለው ሁሉ ያነሳውን በጫማ ካርቶን አጭቆ አልጋው ሥር ያስቀምጣል። ለቤተሰቡ ያሳያል፤ የከተማው የፎቶግራፍ ክበብ አባል ከሆነ በወር አንድ ቀን ግድግዳ ላይ ያበራዋል። ከዚያ አያልፍም። በንግድ ዓይን ሲታይ ይህ በየቤቱ የተቀመጠ፣ ዋጋ ያልወጣለት ክምችት ነው።

ሲዲ መጣ፣ ካሜራው ረከሰ

የድሮውን ዋጋ መጀመሪያ የነካው ኢንተርኔት አልነበረም። በ1991 ሲያትል ከተማ የተቋቋመው ፎቶዲስክ የሚባል ድርጅት ፎቶግራፎችን በሲዲ አጭቆ መሸጥ ጀመረ። የሲዲው ገዥ አንዴ ከከፈለ በኋላ በውስጡ ያሉትን ፎቶግራፎች በየጊዜው ሳያስፈቅድና ሳይከፍል ይጠቀምባቸዋል። ይህ አሠራር ሮያሊቲ ፍሪ ይባላል። ስሙ አንዳንዱን ያሳስታል። ነፃ ማለት አይደለም፤ ከመጀመሪያው ክፍያ በኋላ በየአጠቃቀሙ የሚታሰብ ኪራይ የለም ማለት ነው። ቤት ከማከራየት ወደ ጡብ መሸጥ የመሸጋገር ያህል ለውጥ ነበረው።

በዚያው ጊዜ ትልልቅ ገንዘብ ያላቸው ሰዎች የተበታተኑትን ኤጀንሲዎች መሰብሰብ ጀመሩ። ቢል ጌትስ በ1989 ያቋቋመው በኋላ ኮርቢስ የተባለው ኩባንያ በ1995 ታዋቂውን የቤትማን የፎቶግራፍ ስብስብ ገዛ። በዚያው በ1995 ማርክ ጌቲና ጆናታን ክላይን ጌቲን መሠረቱ፤ በ1998 ከፎቶዲስክ ጋር ተዋሐዱ። ከዚያ በኋላ ገበያው በጥቂት እጆች ውስጥ ገባ። በጥቂት እጅ የተያዘ ገበያ ደግሞ ዋጋውን ለመጠበቅ ይመቸዋል፤ ሰባሪ እስኪመጣበት ድረስ።

ለሰባሪው መንገዱን የጠረገው ካሜራ ነው። ኮዳክ በ1991 ለባለሙያ ያወጣው የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ ከ20,000 ዶላር በላይ ያወጣ ነበር። በ1999 የወጣው ኒኮን ዲ1 ወደ 5,500 ዶላር ግድም ወረደ። በ2003 የወጣው ካኖን 300ዲ ደግሞ ሌንሱ ሳይታሰብ 899 ዶላር ሆነ። ልዩነቱ የካሜራው ዋጋ ብቻ አይደለም። ፊልም መግዛትና ማሳጠብ ቀረ። ወፍ የሚያነሳ ሰው አንዲት ደህና ፎቶግራፍ ለማግኘት በርካታ ጥቅል ፊልም ይጨርስ የነበረው አሁን ሺህ ጊዜ ቢተኩስ ተጨማሪ ወጪ የለበትም። የአንድ ተጨማሪ ምርት ወጪ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ዋጋው ወዴት እንደሚሄድ ለዚህ ገጽ አንባቢ መንገር አያስፈልግም።

ካልጋሪ ላይ የሆነው

ብሩስ ሊቪንግስተን የካልጋሪ ሰው ነው። ዲዛይን ያውቃል፤ ፎቶግራፍ ያነሳል፤ የድረ ገጽ ሥራ የሚሠራ ድርጅትም ነበረው። እሱም እንደ ሌሎቹ ፎቶግራፎችን በሲዲ የመሸጥ ሐሳብ ነበረው። በ2000 ግን የራሱን ፎቶግራፎች በኢንተርኔት ላይ አስቀምጦ ማንም በነፃ እንዲወስድ ፈቀደ። የወሰዱት ሰዎች ብዙዎቹ እንደሱ ዲዛይነሮች ነበሩ። ሳይቆዩም የራሳቸውን ለመጨመር ጠየቁ።

የልውውጡ ሕግ ቀላል ነበር። የራስህን ታስገባለህ፤ ባስገባኸው ልክ የሌላውን የመውሰድ መብት ታገኛለህ። እንደ ዕቁብ ቢሆንም ዕጣ የለውም፤ ዳኛም ጸሐፊም አይፈልግም። ሁሉም የሚፈልገውን ስለሚያገኝ ገንዘብ አልታሰበም። ችግሩ ፎቶግራፍ በበዛ ቁጥር የኢንተርኔቱ መስመርና የኮምፒዩተሩ ኪራይ ወጪ እያደገ መሄዱ ነው። ነፃ የሆነ ነገር ተፈላጊነቱ ሲጨምር ባለቤቱን የሚያከስረው ስኬቱ ራሱ ነው።

ስለዚህ ከ2001 ጀምሮ ክፍያ መጣ። የተጠየቀው ዋጋ በሳንቲም የሚቆጠር ነበር፤ ለአንድ ፎቶግራፍ 25 የአሜሪካ ሳንቲም። ከዚያ ላይ ለፎቶግራፉ ባለቤት የተመደበለት መነሻ ድርሻ 20 በመቶ ሆነ፤ ማለትም 5 ሳንቲም። ዛሬ ሲሰላ የሚያስቅ ይመስላል። በወቅቱ ግን አባላቱ አልሳቁም፤ ብዙዎቹ ከጫማ ካርቶን ውስጥ አምስት ሳንቲም እንኳ ወጥቶ አያውቅም ነበርና። ዋጋውም ቀስ በቀስ ወደ ዶላርና ከዚያ በላይ ከፍ ብሏል።

ስብስቡን ከተራ መደብር የለየው ግን ዋጋው ብቻ አልነበረም። አንድ አባል ያስገባው ፎቶግራፍ በቀጥታ ለሽያጭ አይቀርብም፤ በመጀመሪያ ከአባላት መካከል የተመረጡ መርማሪዎች ያዩታል። አድማሱ ከተንጋደደ፣ ትኩረቱ ከሳተ፣ የድርጅት ምልክት ከታየበት ምክንያቱ ተጽፎ ይመለሳል። ይህ ምላሽ ለጀማሪው ነፃ ትምህርት ነው። የተመለሰበት ሰው ቅሬታውን ለሌሎች አባላት ያቀርባል፤ ሌሎቹም ብርሃኑን፣ ሌንሱን፣ ሰዓቱን እየነገሩ ያርሙታል። ብዙ የሸጠ አባል የነሐስ፣ የብር፣ የወርቅ፣ የአልማዝ ደረጃ ይሰጠዋል። ፎቶግራፉን ለሌላ ቦታ ላለመስጠት የፈረመ ደግሞ ድርሻው እስከ 40 በመቶ ያድጋል። አባላቱ በየአገሩ በአካል ተገናኝተው አብረው ፎቶግራፍ የሚያነሱባቸው ስብሰባዎችም ይዘጋጁ ነበር።

ከሂሳብ አያያዝ አንጻር ይህ ሁሉ ምን ማለት እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። አሠልጣኝ አልተቀጠረም፤ አባላት አሠለጠኑ። የግዥ ክፍል የለም፤ አባላት ዕቃውን እያመጡ በራሳቸው ጊዜ ቁልፍ ቃላት እየጻፉ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጣሉ። የማስታወቂያ በጀትም አነስተኛ ነው፤ አባሉ ራሱ ዲዛይነር ስለሆነ ገዥም አስተዋዋቂም ነው። ኩባንያው የያዘው ኮምፒዩተሩን፣ ስሙንና ገንዘቡ የሚያልፍበትን ሣጥን ነው።

ገዥዎቹ እነማን ነበሩ?

የጌቲ ደንበኞች ወዲያው ጥለው ወደ ካልጋሪ ሄዱ ብሎ ማሰብ ስህተት ነው። ብዙዎቹ የአይስቶክ ገዥዎች ቀድሞ ፎቶግራፍ ገዝተው የማያውቁ ነበሩ። ትናንሽ የድረ ገጽ ሠሪዎች፣ የቤተ ክርስቲያን ጋዜጣ አዘጋጆች፣ አስተማሪዎች፣ የሠፈር ምግብ ቤት ሜኑ የሚያሳትሙ ሰዎች ናቸው። ጉሊት የምትቸረችር ሴት የሱፐርማርኬቱን ደንበኛ እንደማትወስድበት ሁሉ አይስቶክም መጀመሪያ ላይ ለትልልቆቹ የማይታይ ነበር። የሚሸጠውም እነሱ ሊሸጡለት ለማይፈልጉት ሰው ነበር።

ነገር ግን ጉሊቱ ዕቃውን ሲያሻሽል ሱፐርማርኬት ገቢውም ጎራ ማለቱ አይቀርም። በ2006 ዋየርድ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ባወጣው ሰፊ ጽሑፍ ላይ አንድ ምሳሌ ቀርቧል። ስለ ወረርሽኝ በሽታዎች ትርዒት ያዘጋጅ የነበረ አንድ የዋሽንግተን የጤና ሙዚየም ከአንድ ባለሙያ ፎቶግራፍ አንሺ ጋር በመቶ ዶላርና ከዚያ በላይ ሒሳብ ሲደራደር ከቆየ በኋላ አይስቶክን አገኘ። የሚፈልገውን 56 ፎቶግራፍም እያንዳንዱን በአንድ ዶላር ግድም ገዝቶ ሄደ። የመጽሔቱ ጸሐፊ ጄፍ ሃው ይህን መሰሉን አሠራር ክራውድሶርሲንግ ብሎ ሰየመው። ቀድሞ ለተወሰነ ባለሙያ ይሰጥ የነበረን ሥራ ለሕዝብ ክፍት ማድረግ ማለት ነው። ቃሉ ዛሬ በየቦታው ይነገራል፤ የመጀመሪያው ማሳያ ግን ፎቶግራፍ እንደነበረ የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

የወፍና የአበባ ፎቶግራፍ ለምን ቀድሞ ረከሰ?

በዚህ ገበያ ውስጥ ሁሉም ዓይነት ፎቶግራፍ እኩል አልወደቀም። ሰው የሚታይበት ፎቶግራፍ ለንግድ ሲሸጥ የሰውየው የፈቃድ ፊርማ ያስፈልጋል። የምግብ ፎቶግራፍ አብሳይና ስቱዲዮ ይፈልጋል። የፀሐይ መጥለቅ፣ የደመና፣ የጽጌረዳ ወይም የበልግ ቅጠል ፎቶግራፍ ግን ፊርማም ስቱዲዮም አይጠይቅም። ጓሮ ያለው ሁሉ አምራች ነው። ስለሆነም አዳዲሶቹ አባላት መጀመሪያ ያጥለቀለቁት ይህንኑ ክፍል ነበር። የጽጌረዳ ፎቶግራፍ አቅርቦት ሲበዛ ቀድሞ በኤጀንሲ በኩል በዚሁ የሚተዳደረው ባለሙያ ወለሉ ከእግሩ ሥር ተነሳ።

ሌላው ጫፍ ላይ ያለው ፎቶግራፍ የራሱ ስሌት አለው። ለምሳሌ ጭላዳ ዝንጀሮ በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች ካልሆነ በቀር በዓለም ላይ በየትም አይገኝም። ይህን እንስሳ በጥሩ ብርሃን ለማንሳት የሚመጣ የውጭ አገር ባለሙያ የአውሮፕላን ቲኬት፣ መኪና፣ መሪና የፓርክ ስካውት፣ በቅሎ፣ ድንኳን፣ ስንቅና ብርድ ላይ የሚያድርበት ቀን ይከፍላል። ለስሌት ያህል አጠቃላይ ወጪው 2,000 ዶላር ነው እንበል። በድሮው አሠራር አንዱ የአጠቃቀም ፈቃድ በ300 ዶላር ቢሸጥና ግማሹ የእሱ ቢሆን፣ 14 ጊዜ ሲሸጥ ወጪውን መልሶ ትርፍ ይጀምራል። በአንድ ዶላር ተሽጦ 20 በመቶው ብቻ የሚደርሰው ከሆነ ግን 10,000 ሽያጭ ያስፈልገዋል። የጭላዳ ፎቶግራፍ የሚፈልግ ሰው በዓለም ላይ 10,000 ጊዜ ላይመጣ ይችላል። ለጽጌረዳ ግን ሊመጣ ይችላል።

በሌላ አነጋገር ርካሹ ገበያ የሚያዋጣው ወጪው ትንሽ፣ ፈላጊው ብዙ ለሆነ ዕቃ ነው። ብርቅ ነገር የያዘ ሰው ወደዚያ ገበያ ከገባ የሚሸጠው በኪሳራ ነው፤ ኪሳራውም በሽርሽር ስም ተሸፍኖ አይታየውም። እንደ እውነቱ ከሆነ ከአባላቱ አብዛኞቹ ሌላ ደመወዝ ስለነበራቸው የጉዞ ወጪያቸውን ከሒሳብ አያስገቡትም ነበር። ከእነሱ ጋር የሚወዳደረው ባለሙያ ግን ኪራዩንም፣ የልጆቹን ትምህርት ቤትም የሚከፍለው ከዚያው ነው። የሙያ ማኅበራት በዚያን ጊዜ ያሰሙት ምሬት መነሻው ይህ ነው። ምሬቱ ትክክል ነበር፤ ገዥውን ግን አልመለሰም።

ሽያጩ

በየካቲት 2006 ጌቲ አይስቶክን በ50 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ጆናታን ክላይን በወቅቱ የሰጡት ምክንያት የሚሰወር አልነበረም። የእኛን ገበያ የሚበላብን ካለ ከራሳችን ቤት ቢሆን ይሻላል የሚል ነበር። ግዥው ለጌቲ ውድ እንዳልነበረ ብዙም ሳይቆይ ታየ። ጌቲ በ2008 ሄልማን ኤንድ ፍሪድማን ለተባለ የኢንቨስትመንት ድርጅት በ2.4 ቢሊዮን ዶላር ሲሸጥ በወጡት ሰነዶች መሠረት፣ አይስቶክ በ2007 ብቻ 71.9 ሚሊዮን ዶላር ገቢ አስገብቶ ነበር። ከዚህ ውስጥ ለፎቶግራፍ አንሺዎች የተከፈለው 20.9 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ ከመቶ 29 ማለት ነው።

እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይገባል። በድሮው ኤጀንሲ ቢሆን የፎቶግራፍ አንሺው ድርሻ ወደ ግማሽ ይጠጋ ነበር፤ ያም ስላይድ የሚያድል፣ ፖስታ የሚልክ፣ ስልክ የሚያነሳ ሠራተኛ ደመወዝ ተከፍሎ ነው። በአዲሱ አሠራር የአሻሻጩ ሥራ ቀነሰ፤ ድርሻው ግን አደገ። ይህ የሆነው ማንም ስላታለለ አይደለም። አምራቹ በብዙ ሺህ ሲቆጠር፣ ገዥው ሲበታተን፣ መካከሉ ላይ ያለው ድልድይ ግን አንድ ሲሆን፣ የድልድዩ ባለቤት ቀረጡን ይወስናል።

ጌቲም ብቻውን አልቀረም። ጆን ኦሪንገር በ2003 ኒውዮርክ ላይ ሻተርስቶክን የመሠረተው ራሱ ባነሳቸው 30,000 ፎቶግራፎች ነው። እሱ የመረጠው ፎቶግራፍን አንድ በአንድ መሸጥ ሳይሆን የወር ደንበኝነት ነበር፤ በ2012 አክሲዮኑን ለኒውዮርክ ገበያ አቀረበ። ፎቶሊያ የተባለውን ሌላ ተወዳዳሪ ደግሞ አዶቤ በ800 ሚሊዮን ዶላር ለመግዛት መስማማቱን በታኅሣሥ 2014 አስታወቀ።

የድርሻው ጥያቄ

ሊቪንግስተን በ2009 አይስቶክን ለቆ ወጣ። በመስከረም 2010 ኩባንያው የአከፋፈሉን ደንብ እንደሚለውጥ ለአባላቱ አስታወቀ። ከጥር 2011 ጀምሮ ድርሻቸው በየዓመቱ በሚሸጡት መጠን እንዲወሰንና ልዩ ውል ለሌላቸው ከ15 እስከ 20 በመቶ እንዲሆን ነበር ውሳኔው። የተሰጠው ምክንያት ነባሩ አከፋፈል ለዘለቄታው ሊቀጥል አይችልም የሚል ነው። ሽያጩ እያደገ፣ ትርፍም እየተገኘ፣ ከመቶ ሃያ ብቻ የሚከፈለው ሰው ድርሻው በዛ መባሉ ከአባላቱ ብዙዎቹን አስቆጣ።

ቁጣው ከወሬ አልፎ በሥራ የታየው በ2013 ነው። ጌቲ ከጉግል ጋር ባደረገው ውል ከስብስቡ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ፎቶግራፎች የጉግል ድራይቭ ተጠቃሚዎች ያለ ክፍያ እንዲሠሩባቸው ተሰጡ፤ ለፎቶግራፉ ባለቤት የተከፈለው አንድ ጊዜ ብቻ 12 ዶላር ወይም ከዚያ በታች ነበር። በየካቲት 2 ቀን 2013 አባላት ቀን ቆርጠው ፎቶግራፎቻቸውን በብዛት ከሽያጭ አወረዱ። ይህ አድማ ለኩባንያው የሚሰማ ነበር፤ የሚያቆስል ግን አልነበረም። ከመጋዘኑ የወጣው ፎቶግራፍ ቦታ በሌላ አባል ፎቶግራፍ ወዲያው ይሞላል። ደግሞም አባሉ ፎቶግራፉን ይዞ መውጣት ይችላል እንጂ የሰበሰበውን ደረጃ፣ ገዥዎቹ የሚያውቁበትን ስምና የሽያጭ ታሪኩን ይዞ መውጣት አይችልም። ዕቃው የእሱ ነው፤ ሱቁና መንገዱ የሌላ ነው።

ከዚያ ወዲህ የመጣውም ይህንኑ ያጠናክራል። በ2023 ሻተርስቶክ ኦፕንኤአይ ከተባለው ድርጅት ጋር የስድስት ዓመት ውል ፈርሟል። በመጋዘኑ ያለው ክምችት ስዕል ፈጣሪ ኮምፒዩተሮችን ለማሠልጠን የሚያገለግል ሌላ ሸቀጥ ሆነ ማለት ነው። ጌቲ ደግሞ በዚያው ዓመት ሳያስፈቅድ ፎቶግራፎቼን ለዚሁ ተጠቅሟል ያለውን ስታቢሊቲ ኤአይን ከሷል። በጥር 2025 ጌቲና ሻተርስቶክ የ3.7 ቢሊዮን ዶላር ግምት ያለው የውህደት ስምምነት ማድረጋቸውን ይፋ አድርገዋል። ከጓሮው የጽጌረዳ ፎቶግራፍ ያስገባው ሰው በእነዚህ ውሎች ላይ ፈራሚ አይደለም።

መሸጥ የሌለበት ስብስብ

ለማነጻጸር ያህል አንድ ሌላ ምሳሌ እዚህ ላይ ቢነሳ አይከፋም። በ2008 በካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሦስት ተማሪዎች ለማስተርስ ዲግሪያቸው ማሟያ አይናቹራሊስት የሚባል ፕሮጀክት ሠሩ። ተጠቃሚው ያየውን ተክል ወይም እንስሳ ፎቶግራፍ አንስቶ ቦታውንና ቀኑን ጨምሮ ያስገባል፤ ሌሎች አባላት ስሙን ይለያሉ፤ የስምምነት ደረጃውን ሲያልፍ መረጃው ለሳይንቲስቶች ይተላለፋል። በ2014 የካሊፎርኒያ የሳይንስ አካዳሚ ተረከበው፤ በ2017 ናሽናል ጂኦግራፊክ ሶሳይቲ ተጨመረበት፤ በ2023 ራሱን ችሎ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሆነ። የገባው ምልከታ ከ200 ሚሊዮን በላይ ደርሷል። እዚህ ፎቶግራፉ በጥበቡ አይመዘንም፤ የደበዘዘ ቢሆንም ወፉ ከታወቀ ይበቃል። ማንም ስለማይሸጥ ስለ ድርሻ የሚነሳ ጠብ የለም። ነገር ግን ደመወዝ የሚከፈለው ከዕርዳታና ከመዋጮ ነው፤ ለጋሽ ሲቀዘቅዝ አብሮ የመቀዝቀዝ ሥጋት አለበት።

ሁለተኛው ሙከራ

ሊቪንግስተን ከጌቲ ከወጣ በኋላ በመጋቢት 2013 ከቀድሞ የሥራ ባልደረባው ከብሪያና ዌትላውፈር ጋር ስቶክሲ ዩናይትድን በብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ ቪክቶሪያ ከተማ ከፈተ። የዚህኛው ሕጋዊ አቋም አክሲዮን ማኅበር ሳይሆን የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። እያንዳንዱ ፎቶግራፍ አንሺ አባል፣ ባለድርሻና ባለድምፅ ነው። ከተራ ሽያጭ 50 በመቶ፣ ከሰፊ ፈቃድ ሽያጭ 75 በመቶ ለፎቶግራፉ ባለቤት ይሄዳል፤ በዓመቱ መጨረሻ ትርፍ ከተረፈ ደግሞ ለአባላት ይከፋፈላል። ለኢትዮጵያ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይደለም። በ1999 የተቋቋመው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየንም በሐሳብ ደረጃ ከዚሁ አይርቅም።

ልዩነቱ ያለው በሩ ላይ ነው። አይስቶክ የከፈተውን በር ስቶክሲ መልሶ አጠበበው። የአባላቱ ቁጥር ገደብ አለው፤ ማመልከቻ ይመረመራል፤ አንዱ ፎቶግራፍ በሌላ ቦታ አይሸጥም፤ ዋጋውም ከሳንቲሙ ገበያ በብዙ ይርቃል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ባለቤትነት የሚከፋፈልበት ቤት ሁሉም ሰው ከገባበት ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ትርጉም ያጣል። ስለዚህ ከ2000 በፊት በኤጀንሲው በር ላይ ይመለስ የነበረው ባለ ጫማ ካርቶን ዛሬም በስቶክሲ በር ላይ የመመለስ ዕድሉ ሰፊ ነው። አባላቱ ይህን በድምፃቸው የወሰኑት ነው፤ ቢሆንም ውጪ ለቀረው ሰው ውሳኔው በድምፅ መሆኑ ብዙም አያጽናናውም።

በ2015 የስቶክሲ ገቢ 7.9 ሚሊዮን ዶላር ነበር። አይስቶክ ከስምንት ዓመት በፊት ካስገባው ጋር ሲተያይ አንድ ዘጠነኛ ገደማ ነው። ከዚሁ ላይ ግን በየሽያጩ ከሚከፈለው ድርሻ ሌላ 200,000 ዶላር የትርፍ ክፍፍል ተደርጓል፤ ተቀባዮቹም ፎቶግራፍ አንሺዎቹ ነበሩ።